ወደ ይፋት ቈላ ስለ አንድ የብር ድሪ የተደረገ ጕዞ

ከዚህ በታች የምናወጋችሁ ስለ ታላቅ ሕንጻ ወይም ስለ ዝነኛ ወንዝ አይደለም። ከምስር ፍሬ እምብዛም ስለማትበልጥ አንዲት የብር ዘለበትና እርስዋን ፍለጋ ስለ ሄድንበት አገር ነው። ነገሩ ለአንዳንዱ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ዳሩ ግን በቤቱ ሣጥን ውስጥ ከእናቱ ወይም ከአያቱ የተረፈ የብር ጌጥ ያለው ሰው ኹሉ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቀዋል።

በቤታችን ከአያታችን ለእናታችን፥ ከእናታችንም ለእኛ የተላለፈ አንድ የብር ድሪ አለ። በመካከሉ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት አንድ ጠገራ ብር ተንጠልጥሎበት ይኖር ነበር። ድሪው ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ ወገኑ ስለ ተበጠሰ በዋና ከተማችን ካሉት ጌጥ ሠሪዎች ወደ አንዱ ወሰድነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እርሱም በአንድ ቀን ቀጥሎ፥ አብረቅርቆ መለሰልን፤ እኛም ብልጭታውን አይተን ሥራውን ሳንመረምር አመስግነን ተቀበልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ድሪው በአንገት ላይ ሲውል ጠገራው ከደረት መካከል ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ያስቸግር ጀመር። ዓምና በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ከአዲሶቹ ዘለበቶች አንዲቱ አፏን ከፈተችና ጠገራው ወደቀ፤ በድንኳኑ ውስጥ፥ በዚያ ኹሉ እግር መካከል፥ ቢፈለግ ቢፈለግ ሳይገኝ ቀረ።

ዘንድሮ ደግሞ የልጃችን ሰርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተቈረጠ። እናታችንም «ልጅቱ ያለዚያ ድሪ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ከመቀነታቸውም ፈትተው ኹለት ጠገራ ብር አወጡልን፤ አንዱ በጠፋው ፋንታ እንዲንጠለጠል፥ ኹለተኛውም ቀልጦ ለዘለበቱ እንዲሆን። የመጨረሻዎቹ ኹለት እንደ ሆኑ አልነገሩንም፤ እኛ ግን መቀነቱን ሲያጥፉት አይተን ዐወቅነው።

ደብረ ብርሃን የሚኖር አንድ ወዳጃችን በሸዋ ሮቢት አንድ ሽማግሌ የብር አንጥረኛ እንዳሉ፥ የሠሩትም ሰንሰለት በእጅ ሲዳሰስ እንደ ውሃ የሚፈስ መሆኑን ነግሮን ነበር። ስለዚህ በመጋቢት ወር በአንድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተን የደሴን መንገድ ያዝን። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነውና ካፖርታችንን ደርበን ተቀመጥን። ከዚያም ወዲያ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቈፈረው ዋሻ በአንድ አፍ ገብተን በሌላው ስንወጣ ጉሙ ተገለጠና እግራችን ሥር የይፋት ቈላ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ ታየን። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ የዐይን ጥቅሻ የሚታይበት ቦታ በአገራችንም ቢሆን ብዙ አይደለም። በደብረ ሲና፥ እንደ መንገደኛ ኹሉ፥ ቈሎ ገዛን፤ እየቈረጠምንም ወረድን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን ከፍታ ትተን 1,280 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ድረስ ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚህ መካከል በመጀመሪያ ካፖርቱ፥ ቀጥሎ ኮቱ፥ በመጨረሻም ከረባታችን ከላያችን ወረደ።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ የቀወት ወረዳ ከተማ ነው። ማሾው፥ ሽንኵርቱ፥ ማሽላውና ፓፓያው የታወቀ ነው። ዛሬ የከተማው ሰው በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ሽንኵርት ዋጋ ቢሆንም፥ አገሩ በታሪክ ታላቅ ስም ያለው አገር ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወላስማ ነገሥታት የይፋትን መንግሥት በዚህ አካባቢ አጽንተው፥ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይጠብቁ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዓምደ ጽዮን ድል እስካደረጓቸው ድረስ ኀይላቸው ብርቱ ነበር። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያጠኗቸው እንደ ኖራና እንደ አስባሪ ያሉት የጥንት ከተሞች የመስጊድና የቤት ፍርስራሾች ዛሬም በተራራው ግርጌ አሉ። ነጋዴዎችና ሸማኔዎች የሆኑት አርጎቦች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚህ ሸንተረር ላይ ኖረዋል። ወደ አንኮበር በኩል ያለው የአልዩ አምባ ገበያም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እጅግ ደምቆ ነበር፤ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. በዚያ ከተማ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። በእንዲህ ያለው የንግድ አገር ብር ሲገባና ሲወጣ የኖረ ስለ ሆነ፥ ብር የሚያቀልጥና የሚስብ እጅም አብሮ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሽማግሌውን ቤት ለማግኘት አልተቸገርንም፤ አንድ የሽንኵርት ጫኝ ወጣት እስከ ደጃቸው አደረሰን። ሽማግሌው ከበረንዳቸው ጥላ ሥር በአጎዛ ላይ ተቀምጠው፥ ፊት ለፊታቸው አነስተኛ መስፍ፥ ወናፍና የከሰል ማንደጃ ተደርድሯል። አርጎባ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ እንዳለፈ ነገሩን፤ ስንት እንዳለፈ ግን አልነገሩንም። አጠገባቸው አሥራ ስድስት ዓመት ያህል የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ጕጠት ይዞ ይሠራል። ባለቤታቸው ከመቀመጣችን ቡና አፈሉ፤ የጾም ወራት መሆኑንም ዐውቀው ሳንጠይቃቸው ፓፓያ ቈርጠው አቀረቡልን።

ድሪውን ከመሐረብ ፈትተን በሰጠናቸው ጊዜ ጌጡን አላደነቁም። አንዱን ጫፍ በግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀሉና ከአሮጌው ወገን 46 ዘለበት፥ ከተቀጠለው ወገንም 46 ዘለበት ቈጥረው ጐን ለጐን አወረዱት። ቍጥሩ እኵል ሲሆን የተቀጠለው ወገን ከአንድ ጣት በላይ ረዝሞ ተገኘ። እኛ በደብተራችን ብናሰላው ነገሩ ግልጥ ነው፤ የእያንዳንዱ ዘለበት የውስጥ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ፥ በ46 ዘለበት ላይ 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠገራው ወደ ጐን ይሸሽ የነበረው ስለዚህ ነበረ።

«ሰውዬው የሠራው በሾጣጣ ጕጠት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ጫፉ ቀጭን፥ ሥሩ ወፍራም ነውና ሽቦውን አንድ ጊዜ ወደ ጫፍ፥ አንድ ጊዜ ወደ ሥር እያደረገ ጠቀለለው። ዐይኑ እኵል መሰለው፤ ዐይን ግን ዋሽቶ አደር ነው፥ ጌታዬ።» ቀጥለውም ከአዲሶቹ ዘለበቶች አንዱን በድንጋይ ላይ አሽተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብር አልነበረም፤ ብር መሳይ ነጭ ብረት ነበር እንጂ።

እኛም ኹለቱን ጠገራዎች አውጥተን አንዱን ያቀልጡት ዘንድ ለመንናቸው። ሽማግሌው አንደኛውን ተቀብለው አገላብጠው፥ የንግሥቲቱን ትከሻ ጌጥ በጥፍራቸው ዳሰሱ። በጥንት ጊዜ ገበያተኛው በዚያ ጌጥ ላይ ያለውን ዕንቍ እየቈጠረ ሐሰተኛውን ይለይ ነበርና ልማዱ አልለቀቃቸውም። ስለዚህ ገንዘብ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። ማርያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. ዐርፋ፥ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ኹሉ ያንኑ ዓመት እንደ ተጻፈበት ቀርቷል። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በአገራችንም የወቄት ሚዛን እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ያስመቱትም ብር በክብደቱ እርሱን የተከተለ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ጠገራው በየገበያው ሲሠራበት ኖረ፤ ከዚያም በኋላ በሣጥንና በመቀነት ተደበቀ፤ ብዙውም ቀልጦ አምባር፥ አልቦና ድሪ ሆነ።

«ለ46 ዘለበት የሚበቃው የአንዱ ጠገራ ሩብ ነው» አሉን ሽማግሌው፤ «ለሩቡ ብለን ሙሉውን እናቀልጣለን? ጠገራ አንድ ጊዜ ከቀለጠ ተመልሶ ጠገራ አይሆንም። ለእናትዎ ይመልሱላቸው።» እኛ ለማቅለጥ ስንቸኵል እርሳቸው አዳኑልን። ከመሳቢያቸውም የተሰበረ የአልቦ ቍርጥራጭ አውጥተው፥ በትንሽ ሚዛን ግማሽ ወቄት ያህል መዘኑ። የሚያስፈልገው ሩብ ሲሆን ግማሽ የመዘኑት፥ የሽቦው ጫፍ በጕጠት ሲያዝ ስለሚበላሽና ሥራው ሳይሰናከል ስለማይቀር ነው። በኋላ እንዳየነው አስተዋይነታቸው ከንቱ አልነበረም።

ብሩ በሸክላ ማቅለጫ ቀልጦ በጠባብ ቦይ ፈሰሰ፤ የእርሳስ ውፍረት ያላት አንዲት ዱላ ሆነ። ልጁ እርስዋን በመዶሻ እያዞረ ቀጠቀጣት። ከዚያ በኋላ የሥራው ዋና መሣሪያ ወጣ፤ ይኸውም ከትልቅ እስከ ትንሽ በተራ የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉበት አንድ ወፍራም ብረት ነው። የዱላዋን ጫፍ በሞረድ አሹለው፥ ሰም ቀብተው፥ በትልቁ ቀዳዳ አስገብተው በጕጠት ይስቡታል፤ ቀጥሎ በታናሹ፥ ደግሞም ከእርሱ በሚያንሰው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሽቦው ይቀጥናል፥ ይረዝማልም። ከአንድ ሙሉ ጠገራ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ቢሳብ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ከዚያውም በዚህ ልክ 180 ዘለበት ይወጣዋል።

ይህ ብረት አንድ ነገር ደርሶበታል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሸሸ፤ ሽማግሌው ሌላውን ዕቃ ኹሉ ትተው ይህን ብረት በቅቤ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ከበረንዳው ሥር ቀበሩት። ሲመለሱ መስፉም፥ ወናፉም፥ የተጀመረውም ጌጥ አልነበረም፤ ብረቱ ግን በተቀበረበት ተገኘ። «ወናፍ ይሰፋል፥ መስፍም ይገዛል፤ የእነዚህን ቀዳዳዎች ልክ ግን አያቴ ናቸው የበሱት» አሉን። በ2013 ዓ.ም. ከወደ አጣዬ የተፈናቀሉ ዘመዶቻቸው ወደ ሥራቸው ሳይመለሱ እንደ ቀሩም አጫወቱን፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ብዙ አልተናገሩም፥ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አሁን ወደ ዘለበቷ እንመለስ። ሽቦ በቀዳዳ ሲሳብ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በየመካከሉ በከሰሉ ላይ በጥላ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ ይሞቅና ይለሰልሳል። ሽቦው ለስልሶ ባለ 5 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ላይ ጐን ለጐን ሳይደራረብ ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለው ከዘንጉ ወጥቶ በቀጭን መጋዝ በቁመቱ ሲቈረጥ፥ እያንዳንዱ ዙር አንድ ዘለበት ሆኖ ይወድቃል። በመቈንጠጫ የቈረጡት እንደ ሆነ ግን የሽቦው አፍ አንድ ወገን ሹል፥ አንድ ወገን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሲዘጋም አይገጥምም። ይህን እየተማርን ሳለን ሰዓታችንን አየንና ሳይመሽ ለመመለስ እንደምንፈልግ ለልጁ በዝግታ ነገርነው። ይህን በማለታችን ዛሬም እናፍራለን።

ልጁ እኛን ደስ ለማሰኘት ቸኰለ። የመጀመሪያውን ግማሽ በሚገባ አልስልሶ ጠቀለለ፤ ኹለተኛውን ግን ከመጨረሻው ቀዳዳ እንደ ወጣ፥ ሳያሞቀው፥ በዚያው ዘንግ ላይ ጠቀለለው። ዘንጉ አንድ፥ ሽቦውም አንድ ነበረ፤ እኛ ኹለቱን ክምር ብናያቸው ምንም ልዩነት አልታየንም። ሽማግሌው ግን ከጕልበታቸው ሥር አንድ ረጅም ወስፌ አወጡ። ወስፌው ከጫፉ ወደ እጀታው እየወፈረ የሚሄድ ሆኖ በመካከሉ ዙሪያውን በሞረድ የተጫረ ምልክት አለበት። ዘለበቱን አንድ በአንድ ሰኩበት፤ የመጀመሪያዎቹ ኹሉ ከጭረቱ ላይ ቆሙ፤ የኋለኞቹ ግን ጭረቱን አልፈው ወደ እጀታው ወረዱ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የደረቀ ሽቦ ከዘንጉ ሲለቀቅ እንደ ቀስት ደጋን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የለሰለሰውም ይዘረጋል፥ ነገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘንጉን ማመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ የሽቦውም ልስላሴ አንድ መሆን አለበት።

ሽማግሌው ልጁን አልተቈጡትም። የኋለኞቹን ዘለበቶች በመዳፋቸው ሰብስበው ወደ ማቅለጫው መለሱና፥ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «ጌታዬ፥ ዛሬ እዚሁ ያድራሉ» አሉን። እኛም አደርን።

ከራት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ብዙ አወጋን። ሽማግሌው በወጣትነታቸው እሑድ እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ይወርዱ እንደ ነበረ፥ በዚያም አፋሩ፥ ኦሮሞው፥ አማራውና አርጎባው ስለሚገናኝ እያንዳንዱ የሚወደውን የጌጥ ዐይነት ለይተው ያውቁ እንደ ነበረ ነገሩን። ደንበኛው ጠገራውን ራሱ ያመጣ ነበር፤ አንጥረኛውም የተቀበለውን ያህል መዝኖ ይመልሳል። መዳብ ጨምሮ ብር የሚያስቀር አልጠፋም ነበርና መታመን ትልቁ ሀብት ነበረ። ነገር ግን የታመነውም ቢሆን ክብር አያገኝም ነበር። ብረት ቀጥቃጩንና ብር አንጥረኛውን ቡዳ እያሉ መሸሽ በአገራችን የቈየ ነውር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ሽማግሌው ልጃቸው በዚሁ ስድብ ተማርሮ ሥራውን ትቶ ሾፌር እንደ ሆነ ሲነግሩን፥ ከማዳመጥ በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። የልጅ ልጃቸው ግን ትምህርት ቤት ውሎ ማታ ማታ ይሠራል፤ ጌጡንም በስልኩ ፎቶግራፍ እያነሣ ለከተማ ሰዎች ይሸጣል። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ቅር ያላቸው ለመምሰል ቢሞክሩም አልሆነላቸውም።

የዘለበት ሰንሰለት ሥራ እጅግ የቈየ ነው። ከባግዳድ በስተ ደቡብ ባለችው በዑር፥ በነገሥታቱ መቃብር ውስጥ፥ ከ4,500 ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያለው እርስ በርሱ የተያያዘ የወርቅ ሰንሰለት ተገኝቷል። በዚያ ዘመን ሽቦን በቀዳዳ መሳብ ገና አልተለመደም ነበርና ወርቁን በቀጭኑ ቈርጠው፥ ጠምዝዘውና አንከባለው ነበር የሚሠሩት። እንዲህም ሆኖ ዘለበቱ እኵል ነው። ይህን ለሽማግሌው በነገርናቸው ጊዜ «የሠራው ሰው ወስፌ ነበረው» ብለው አጭር መልስ ሰጡን።

በማግሥቱ ማለዳ ፀሐይ ሳትከር ሥራው ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ሽቦው በሙሉ በአንድ እሳት ለሰለሰ፥ በአንድ እጅም ተጠቀለለ። ዘለበቶቹም አንድ በአንድ በወስፌው አለፉ። ዘለበትን ሲከፍቱ አፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢለጥጡት ክቡ ይጠፋል፤ የሚገባው አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፥ ሌላውን ወደ ኋላ ማዞር፥ ሲዘጉም በዚያው መንገድ መመለስ ነው። ልጁ ከዘለበቶቹ ግማሹን ብቻቸውን ዘጋ፤ የብር ሞረዳ ከጥቂት ነሐስ ጋር ቀላቅሎ፥ ቦራክስ ጨምሮ፥ በእሳት አፋቸውን በየደው። ከዚያ የቀሩትን ክፍቶች በተበየዱት መካከል እያገባ ኹለት ኹለቱን አያያዘ፥ የእነርሱንም አፍ በየደ። የከተማው ሠሪ አንዱንም አልበየደም ነበር፤ ጠገራችንን የጣለው እርሱ ነው። ሲያልቅ ከጥላሸቱ በሎሚ ታጠበ፥ በአመድም ታሸ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ከእናታችን ጠገራዎች አንዱን ተቀብለው ማንጠልጠያ አበጁለት፤ ፊቱን ሳይበሱ ከጠርዙ ላይ በየዱለት። ድሪውንም በዚያው ሚስማር ሰቀሉት፤ 46 ከ46 ጋር ጐን ለጐን ወረዱ፥ ጫፋቸውም እኵል ሆነ። እርሳቸው ግን ገና አላበቁም። ባለቤታቸውን ጠርተው ድሪውን በአንገታቸው አጠለቁላቸውና «ተራመጂ» አሏቸው። ሴትዮዋ እየሣቁ እስከ አጥሩ ደርሰው ተመለሱ። ጠገራው ከደረታቸው መካከል አልተነቃነቀም።

የብሩን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለይተው ነገሩን፤ እኛም ሳንከራከር ከፈልን። ከተሳበው ሽቦ የተረፉ አምስት ዘለበቶች ነበሩ፤ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡንና «ከዓመታት በኋላ አንዱ ቢበላ፥ ከሌላ ሽቦ አያሠሩ፤ ከነዚህ ይውሰዱ» አሉን። ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ እናታችን ከድሪው ይልቅ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ኹለተኛው ጠገራ ነበር። አውጥተን በመዳፋቸው ባኖርንላቸው ጊዜ ምንም ሳይናገሩ መቀነታቸውን ፈቱ። አምስቱንም ዘለበቶች ተቀብለው፥ በጨርቅ ቍራጭ ቋጥረው፥ በልጅቱ የሰርግ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ሰፉላት።